ጠዋትም ዝግ፣ ማታም ዝግ

ገበያው «ግራም» ይለዋል። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የነጋዴ ሚዛን ሲፈትሽ የኖረ ሰው በስሙ የሚጠራው አያገኝም። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሥጋ ሻጩ ነው ይባላል። አንድ ቀን ሚዛኑ ሦስት ግራም ጎድሎ ተገኘበትና፣ «በሦስት ግራም ሰው ይሞታል እንዴ?» ቢለው፣ ተቆጣጣሪው ከመዝገቡ ቀና ሳይል፣ «ሰውስ አይሞትም፤ ሌባ ግን ይወለዳል» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ገበያው መግቢያ ላይ ብቅ ሲል ጫጫታው ቀጥ ይላል። ሴቶቹ እጃቸውን ከሚዛኑ ያነሳሉ፤ ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ሰላምታ የማይሰጠው የለም፤ ከልቡ የሚሰጠው ግን አንድም የለም።

ይህ ሰው አንድ ሕግ ነበረው። ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ራሱ ነው ያወጣው። አዲስ ለሚቀጠሩ ተቆጣጣሪዎችም እንደ ፊደል ያስቆጥራቸዋል። «ሚዛኑን ሱቁ ሳይከፈት ባዶውን እይ። ሱቁ ሲዘጋ ባዶውን እይ። ጠዋትና ማታ ልክ የሆነ ሚዛን መሀሉም ልክ ነው።» ይህን ሲል ሌባ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል። ጣቱን ቀስሮ የሚናገር ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ጣቱን በቀሰረበት ነገር ላይ ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገረው?

ከቤቱ ጓሮ ኩሬ አለ። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከሃምሳ፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከሰባ፣ ጥልቀቱ ሰባ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህን ያህል አጥርተን የምናውቀው ባለቤቱ ማን እንደሆነ ስለምናውቅ ነው። ራሱ ቆፍሮ፣ ራሱ በሲሚንቶ ለስኖ፣ አስራ አንድ ቀያይ ዓሦች ለቀቀበት። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሚስቱ ግን ሳይነግራት ገብቷታል። በዚህ ዓለም ላይ ሲያዩት የማይሸሹት፣ እንዲያውም አፋቸውን ከፍተው እየተጋፉ ወደ እሱ የሚመጡት ፍጡራን እነዚያ ዓሦች ብቻ ናቸው።

አምና ፀሐዩ በረታና የኩሬው ውሃ እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ሆነ። ዓሦቹ አየር ፍለጋ አፋቸውን ከውሃው በላይ ያወጡ ጀመር። ግራም ከከተማው ዳር ችግኝ ወደምትሸጥ ሴት ሄደ። ሴትዮዋ ክንዷን እስከ ክርኗ ድረስ ገንዳ ውስጥ ነክራ ዝንጅብል የመሰለ ሥር አወጣችለት።

«የጎዳዎት ፀሐይ ነው» አለችው። «ይሄ የውሃ አበባ ነው። ቅጠሉ ውሃው ላይ ይነጠፍና ጥላ ይሆናል፤ አረንጓዴው ብርሃን ሲያጣ ይሞታል። ሰፊ ቅርጫት ውስጥ ከባድ ጭቃ አድርገው ይትከሉት። ዓሦቹ አፈሩን እንዳይቆፍሩት ከላዩ ጠጠር ያልብሱት። መጀመሪያ ጡብ ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ ቅጠሉ ሲረዝም ጡቡን አንድ በአንድ ያንሱለት።»

«አበባውስ?»

«ዓመቱ ሲዞር ያብባል። ነጭ ነው፤ የስኒ ማስቀመጫ ያህላል።»

ግራም ያለችውን ሁሉ ጻፈ፤ «የስኒ ማስቀመጫ» የሚለውን ደግሞ ከስሩ አሰመረበት። ነጋዴ የተናገረውን መጻፍ ልማዱ ነው። ሥሩ በቀለ፤ ቅጠሎቹ ክብ ክብ፣ በአንድ ወገን ስንጥቅ ያላቸው ሆነው ውሃው ላይ ተዘረጉ። በስድስት ሳምንት ኩሬው ጠርቶ የታችኛው ጠጠር መቆጠር ቻለ። የቀረው አበባው ብቻ ነበር።

ከሦስት ወር በፊት አማቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው እነሱ ዘንድ ገቡ። ባልቴቷ ሠላሳ ዓመት በችርቻሮ ቆመው ስለኖሩ ጉልበታቸው አልቋል። ማረፊያቸው ከምድር ቤት ጓሮውን የሚያየው ክፍል ሆነ፤ መታጠቢያ ቤቱ ግን አስራ አራት ደረጃ ወደ ላይ ነው።

ስለ አማቱ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ግራም ሥራ በጀመረበት ዓመት፣ በዚያ ሁሉ የሱቅ ሰልፍ መካከል ሚዛናቸው አንድም ቀን ዝንፍ ሳይል የተገኘው የእኚህ ሴት ብቻ ነበር። ጠዋት ልክ፣ ማታ ልክ። ተቆጣጣሪው በመገረም ይመላለስ ጀመር፤ ሲመላለስ ደግሞ ከባንኮኒው ኋላ መጽሐፍ የምታነብ ልጃቸውን አየ። «እንዲህ ካለ ሚዛን ሥር ያደገች ልጅ ልትጎድል አትችልም» ብሎ አገባት። ባልቴቷ ሱቃቸውን ሲዘጉ ያንን ሚዛን ለምኖ ወሰደ፤ ከጓሮው ባለችው መጋዘን፣ ከየቁራሌው ለቅሞ ከሰበሰባቸው አርባ አሮጌ ሚዛኖች መሀል፣ በክብር ቦታ ላይ ሰቀለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር መጋዘኑን ከፍቶ፣ «በዚህ ከተማ አንድ ልክ ሚዛን ነበር፤ ይኸውላችሁ» ይላል። አማቱ ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ ወደ ወጥ ቤት ጉዳይ አላቸው። ትሕትናቸው ነው ይባልላቸዋል።

ሚስቱ የሆስፒታል መድኃኒት ቤት ኃላፊ ናት፤ ጠዋት ከሱ ጋር ወጥታ ማታ ከሱ በኋላ ትገባለች። ከሥራዋ የተነሳ ነገር አታበዛም፤ የምትናገረው በጠብታ ነው። አንድ እሑድ ጓሮው ውስጥ ቆመች።

«እማዬን ትናንት ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። መታጠቢያ ቤት ከክፍሏ ጎን መሠራት አለበት።»

«ይሠራ።»

«በዚህ በኩል ኩሬህ አለ። በዚያ በኩል መጋዘንህ አለ። አንዱ ይለቅ።»

«መጋዘኑማ ታሪክ ነው።»

«እሺ ኩሬው ይደፈን። ዓሦቹን የሆስፒታሉ ፏፏቴ ውስጥ እንጨምራቸዋለን።»

ግራም ዓሦቹን አየ። ዓሦቹም አዩት። «ኩሬው አበባ ሊያወጣ ነው» አለ።

«ሊያወጣ ነው ስትለኝ ዓመት ሞላህ። አበባ የማያወጣ ኩሬ የትንኝ ቤት ነው።»

«ያወጣል አልኩሽ። ካወጣ መጋዘኑን አፈርሳለሁ።»

«ጻፈው» አለች።

ጻፈው። በቁጣ የተናገረውን በእርጋታ መጻፍ የዚህ ሰው ትልቁ በሽታ ነበር፤ አንዴ መዝገብ የገባ ነገር ደግሞ ለሱ አይፋቅም። ግንበኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ይመጣል። እስከዚያ አንዲት አበባ ከፈካች መጋዘኑ ይፈርሳል፤ ካልፈካች ኩሬው ይደፈናል።

በማግስቱ ሰኞ የመጀመሪያው እምቡጥ ብቅ አለ። አውራ ጣት ያህላል፤ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ ነገር ነው። ግራም አዲስ ደብተር አውጥቶ በሁለት ረድፍ አሰመረ፦ ጠዋት፣ ማታ። ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት አስራ ሁለት ተኩል ላይ አይቶ «ዝግ» ይላል። ተመልሶ አስራ አንድ ተኩል ላይ አይቶ «ዝግ» ይላል። ማክሰኞም ዝግ፣ ዝግ። ረቡዕም ዝግ፣ ዝግ። ሐሙስ ማታ እምቡጡ አንገቱን ደፋ፤ ዓርብ ጠዋት ውሃ ውስጥ ሰጥሞ አገኘው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ችግኝ ሻጯ ፊት ቆመ። ሦስት ደንበኞች ነበሩ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

«የሸጥሽልኝ እምቡጥ ነው እንጂ አበባ አይደለም። እንደታመቀ ይወጣል፣ እንደታመቀ ይሞታል።»

ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያዩት?»

«ጠያቂው እኔ ነኝ።»

«እሱማ ነዎት፤ ግን ስንት ሰዓት—»

«ነጋዴ ሲያዝ ጥያቄ ያበዛል። ይህን ካንቺ በፊት ብዙዎች ሞክረውታል።»

ከደንበኞቹ አንዷ የያዘችውን የጽጌረዳ ችግኝ ቀስ ብላ መሬት አስቀምጣ ወጣች። ችግኝ ሻጯ ያቺ ሴት እስክትርቅ በዓይኗ ሸኘቻት፤ ከዚያ ወደሱ ዞረች። «ጌታዬ፣ የሰው ሚዛን ሲፈትሹ ኖረዋል። አሁን ዓይንዎን ያስፈትሹ» አለችው። እሱም ሄደ። ልብ በሉ፤ መልሱን እጁ ላይ አስቀምጣለት ነበር። ያልተቀበለው ከነጋዴ አፍ ስለመጣ ብቻ ነው። የተማረ ሰው ድንቁርና ከሁሉ የከፋ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ማን ተናገረው ብሎ ነው እንጂ ምን ተባለ ብሎ አይሰማም።

ሁለተኛው እምቡጥ በቀጣዩ ሳምንት ረቡዕ ወጣ። ግራም አሁን ዓሦቹን ጠረጠረ። ራሳቸው ዓሦቹ፣ የሚወዱት ዓሦች፣ እምቡጡን ከሥሩ እየነካከሱ ያመክኑት እንደሆነስ? ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ አጠረው፤ አንገቱ ላይም ቀይ ክር አሰረለት። ረቡዕ ዝግ፣ ዝግ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ያው። እሑድ ጠዋት አንገቱን ሲደፋ ግን እስኪሰጥም አልጠበቀም። ቀይ ክሩን ይዞ ጎትቶ አወጣውና ነጭ ሳህን ላይ አስቀምጦ ቁርስ ጠረጴዛው ላይ በምላጭ ለሁለት ሰነጠቀው።

አራቱ አረንጓዴ ቅጠሎች ከውጭ፣ ነጫጮቹ በድርብ ድርብ ከውስጥ፣ ቢጫ ክሮች በመሀል። ምንም የጎደለ የለም። ከቢጫዎቹ ክሮች መካከል ደግሞ ክንፏን ያጠፈች የሞተች ንብ ተኝታለች።

«ንብ» አለ ግራም።

«የት?» አለች ሚስቱ።

«እዚህ። ውስጡ።»

«ቁርስ እየበላን ነው።»

«አንቺ፣ በር ሳይከፈት እንግዳ ሳሎን ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሚስቱ አንገቷን አስግጋ አየች። «ሰርስራ ገብታ ይሆናላ።»

ማጉያ መነጽሩን አመጣ። የእምቡጡን ቆዳ ከላይ እስከ ታች መረመረው፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ የለችም። ንቧን ለካት፤ አስራ ሁለት ሚሊ ሜትር። በዚህ ሁሉ መካከል የአማቱ ማንኪያ ሲኒ ውስጥ መዞሩን አቁሞ ነበር፤ ግራም ግን ንቧ ላይ እንጂ ማንኪያው ላይ አልነበረም።

«እማማ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔ ስለ ንብ ምን አውቄ» አሉ ባልቴቷ፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጠረጴዛውን እየተደገፉ ወደ ክፍላቸው ሄዱ። የጉልበታቸው ሕመም ያን ዕለት ከወትሮው ፈጠን ያደረጋቸው ይመስል ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በግራም ላይ ያልለመደው ነገር ደረሰበት። መቆጣት አቃተው። ቁጣ መልስ በኪሱ የያዘ ሰው ሀብት ነው፤ ጥያቄ የያዘ ሰው ግን ለመቆጣት እንኳ ጊዜ የለውም። መንገድ ላይ የሚጋፋውን ሰው «ይቅርታ» እያለ ያልፋል። ሰኞ ገበያ ውስጥ የማር ሻጩን ሚዛን ፈትሾ ከፈረመ በኋላ አልሄደም።

«ንብ ዝግ አበባ ውስጥ ትገባለች?»

ማር ሻጩ ጥያቄው ወጥመድ መስሎት ግራ ቀኙን አየ። «ይሄ ከሚዛኑ ጋር ምን አገናኘው?»

«ምንም። ለራሴ ነው።»

«ለራስዎ ከሆነማ…» አለ ሰውዬው፤ ከአስራ ዘጠኝ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ላላ። «ንብ ሰርሳሪ አይደለችም። ክፍት ካላየች አትገባም። ገብታ ከቀረች ደግሞ ከኋላዋ የዘጋባት አለ።»

ከኋላዋ የዘጋባት አለ። ግራም ይህን ቃል እያላመጠ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከተዘጋ፣ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። ተከፍቶ ከነበረ፣ መቼ? ጠዋት ዝግ ነው፤ በዓይኑ አይቷል። ማታ ዝግ ነው፤ በዓይኑ አይቷል። የቀረው መሀሉ ነው። መሀሉ ደግሞ በሱ ሕግ መሠረት የለም። ኩሬው ዳር ተቀምጦ ሲያስብ፣ እርጥቡ አፈር ላይ አራት ጉድጓዶች አየ፤ የወጥ ቤት ወንበር እግር የሚያህሉ፣ በአራት ማዕዘን የተተከሉ። አንዳንዱ አሮጌ ነው፤ አንዳንዱ ትኩስ። አልጠየቀም። ጥሩ ተቆጣጣሪ ከመጠየቁ በፊት ይይዛል።

ረቡዕ ሦስተኛው እምቡጥ ወጣ። ጠዋት ዝግ፣ ማታ ዝግ። ግንበኛው ለቅዳሜ ሲሚንቶውን አራግፎ፣ «የሚሞላውን አፈር የጫነው መኪና በጠዋት ይደርሳል» ብሎ ሄደ።

ሐሙስ ግራም እንደ ወትሮው ቦርሳውን ይዞ ከሚስቱ ጋር ወጣ። አራት ሰዓት ሲሆን ግን ለአለቃው «ድንገተኛ ፍተሻ አለኝ» ብሎ ተመለሰ። ውሸት አልነበረም። በሥራ ዘመኑ ሁሉ በዚያ ሰዓት ያደረገው የመጀመሪያው ድንገተኛ ፍተሻ የገዛ ቤቱ ላይ ሆነ። የጓሮውን የብረት በር ቀስ ብሎ ገፋ፤ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ፤ በግድግዳው ጥግ አንገቱን አወጣ።

አማቱ በወጥ ቤቱ ወንበር ላይ፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ኩሬው ዳር ተቀምጠዋል። ከፊታቸው፣ ከክቦቹ ቅጠሎች መካከል፣ አበባው ወለል ብሎ ተከፍቷል። እምቡጡ ካፖርቱን አውልቆ ከሥሩ አንጥፎታል። ነጮቹ ቅጠሎች እየተደረቡ ወደ ውጭ ተዘርግተዋል፤ መሀሉ ላይ ቢጫው ክር ችምችም ብሎ፣ አንዲት ንብ ከሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ትላለች። የስኒ ማስቀመጫ ነው የሚያህለው። ችግኝ ሻጯ ሚሊ ሜትር አላጓደለችም። አስራ አንዱ ዓሦች ግን ከአበባው ዘንድ አልነበሩም፤ አፋቸውን ከፍተው በአማቱ እጅ ሥር ተሰብስበው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ከሁሉ በላይ ልቡን የነካው ይሄኛው ነበር።

«ደረስክ» አሉ ባልቴቷ ዞር ሳይሉ። «በሩ ሲያቃስት ሰማሁት። ዘይት ቀባው።»

ግራም ጫማውን እንደያዘ መጣ። «ይሄ… ስንት ቀኑ ነው?»

«ይሄኛው ከትናንት ነው። የፊተኞቹ አራት አራት ቀን ቆዩ። ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ዘጠኝ ላይ መሰብሰብ ይጀምራል፤ አስር ላይ አንድ ያልወጣች ንብ ካለች ትቸኩላለች። እንደ መሥሪያ ቤት ነው። ምሳ ሰዓት እንኳ አይዘጋም፤ በዚህ ከመሥሪያ ቤት ይሻላል።»

«እና ያውቁ ነበር።»

«ዓይን አለኝ፤ ያመመኝ ጉልበቴን ነው።»

«ኩሬው ሊደፈን ሁለት ቀን ሲቀረው ዝም አሉ። ለመታጠቢያ ቤቱ ብለው ነው?»

«መታጠቢያ ቤቱማ በየትም በኩል ቢሠራ የኔ ነው። ይሄንን ደግሞ ቁጭ ብዬ የማየው እኔ። ቢደፈን ካንተ የበለጠ የሚከፋኝ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ባልቴቷ የቀረውን ፍርፋሪ ውሃው ላይ አራገፉ። «ቁጭ በል» አሉት። ወንበር ስላልነበረ ኩሬው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ቀን እንደሚከፈት ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

«ደስ ይለኝ ነበራ።»

«መጀመሪያ ደስ ይልሃል። ከዚያ ጋደም ትልና ታስባለህ፤ አውቅሃለሁ። ጠዋትና ማታ ዝግ የሆነው ነገር ቀን ክፍት ከሆነ፣ ጠዋትና ማታ ልክ የሆነው ነገርስ ቀን ምንድነው ትላለህ። እንዲህ እንዲህ ስትል ሄደህ ሄደህ እኔ ሱቅ ትደርሳለህ።»

ግራም ቶሎ አልገባውም። ሲገባው ጫማው ከእጁ አመለጠና አንደኛው ኩሬው ውስጥ ወደቀ። ዓሦቹ ተበተኑ።

«የአዝራር ያህል ማግኔት ነበረች» አሉ አማቱ፤ ወደ አበባው እያዩ ነበር የሚናገሩት። «አንተ ጠዋት ፈትሸህ ስትወጣ ከሳህኑ መያዣ ሥር ትለጠፋለች። ማታ ሳትመጣ ወደ ኪሴ ትገባለች። ሰዓትህን እንደ ፀሐይ ነው የምታከብረው፤ አንድ ቀን እንኳ አሳስተኸን አታውቅም። ልጅቷ የመድኃኒት ትምህርት ቤት እስክትጨርስ ነው። ስትጨርስ ማግኔቷን ወንዝ ጣልኳት።»

«ስንት ግራም?»

«ሃያ።»

«ሃያ» አለ ግራም። «“አሳስተኸን” አሉ። ሌላ ማን ነበር?»

«መጀመሪያ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ኋላ ከኔ አይተው ተማሩ፤ ማን ያልነበረ አለ ብትል ይቀላል። ሥጋ ሻጩ ብቻ ነው አሠራሩን ያላወቀበት። የተያዘውም ለዚያ ነው።»

ከሩቅ ለሚያየው ሁለት ሰዎች አበባ እያዩ ተቀምጠዋል። የግራም ጆሮ ግን ቀልቷል። አስራ ዘጠኝ ዓመት የፈረመባቸው መዝገቦች፣ ጣቱን ቀስሮ ያስተማራቸው ተቆጣጣሪዎች፣ በእንግዳ ፊት የከፈታት መጋዘን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡበት።

«ሚስቴን ያገባሁት በዚያ ሚዛን ነው» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ልክ ከሆነ ቤት የመጣች ናት ብዬ ነው።»

«ልጄንማ በሚዛን አልሰጠሁህም። እሷ ሙሉ ናት። ከጎደለችብህ መልሳት፤ አልከራከርህም።»

ሊስቅ አልፈለገም፤ ሳቁ ግን በአፍንጫው ወጣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ከውሃው አወጣ፤ ውሃውን አራገፈ፤ አበባውን ከቅርብ ሆኖ ደግሞ አየው። ንቧ ወጥታ ሄደች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከዚያ አልተነሣም። መሰብሰብ ሲጀምር፣ ነጮቹ ቅጠሎች እንደሚጨበጥ እጅ አንድ በአንድ ሲገቡ፣ ሁለቱም እስከ መጨረሻው አዩት።

ሚስቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትገባ እምቡጡ ዝግ ነው።

«ፈክቷል» አላት።

ወደ ኩሬው ሄዳ አየች። «የታለ?»

«አሁን ተዘግቷል። አራት ሰዓት ላይ መጥቼ በዓይኔ አየሁት። ቀን ነው የሚከፈተው።»

«አንተ ባለጉዳይ ነህ። የባለጉዳይ ቃል አይመዘገብም ስትል የኖርከው አንተው ነህ።»

«ነገ ቀን ነይና እዪው።»

«ነገ ርክክብ አለብኝ፤ ከመድኃኒት ቤቱ ንቅንቅ አልልም።» ወደ ክፍሉ መስኮት ዞረች። «እማዬ፣ ይሄ አበባ ፈክቷል?»

አማቱ በመስኮቱ ብቅ አሉ። መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ሳይሆን እሱን ነው። «ፈክቷል» አሉ። «አይቼዋለሁ።»

«አበቃ» አለች ሚስቱ። ቦርሳዋን አወረደች። «እማዬ ካለች አለች ነው። በዚህ ከተማ አንድ ልክ ሚዛን አለ ትል የለ? ቅዳሜ መጋዘኑ ይፈርሳል።»

የግራም አፍ ተከፈተ። ምስክርነቱ እውነት ነበር፤ አንድ ግራም አልጎደለውም። የጎደለው ሚስቱ እውነቱን የመዘነችበት ሚዛን ነው፤ ሃያ ግራም፤ እሱም ያውቃል፤ ማወቁንም ከመስኮቱ ወዲያ ያሉት ያውቃሉ። በሦስት ግራም ሌባ ይወለዳል ያለ ሰው ነው። ባልቴቷ አልለመኑትም፤ እጃቸውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርገው የሚሆነውን ይጠብቃሉ። ዓሦቹ ተመልሰው ወደ እግሩ ሥር መጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ግራምም አፉን ዘጋ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎደሎ ሚዛን እያየ አሳለፈ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ችግኝ ሻጯ ዘንድ ሄደ። አራት ደንበኞች ነበሩ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያዩት ብለሽኝ ነበር» አለ በለሆሳስ። «ጠዋት አስራ ሁለት ተኩልና ማታ አስራ አንድ ተኩል ነበር።»

ሴትዮዋ ክንዷን ከገንዳው አወጣች። «ሰው ተኝቶ ባዩት ቁጥር ሞቷል ይላሉ ማለት ነው?»

«አጥፍቻለሁ።»

«የሰደቡኝ ጮክ ብለው ነበር።»

ግራም ደንበኞቹን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አጥፍቻለሁ፤ አበባው እሷ እንዳለችው ነው» አለ፤ እስከ መንገዱ ተሰማ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ሌላ ሥር ሰጠችው። «ይሄኛው ሮዝ ነው» አለችው። «እሱም ቀን ነው የሚከፈተው፤ አደራ።»

ቅዳሜ ግንበኛው መጣ። አፈር የጫነው መኪና ከበር ተመለሰ። መጋዘኑ ከመፍረሱ በፊት ሚዛኖቹ አንድ በአንድ ወጥተው ጓሮው ውስጥ ተደረደሩ፤ የዛጉ፣ የተጣመሙ፣ ሳህናቸው የጠፋ። የዚያን ቀን ፈቃድ የወሰደችው ሚስቱ አራት ሰዓት ሲሆን አበባውን ራሷ አየችው። ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። «ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚሁ ነበር?» አለች። ከዚያ የእናቷን ሚዛን ከክምሩ ውስጥ ብድግ አደረገችው፤ በመሐረቧ ወለወለችው።

«ይሄን ለቁራሌ አልሰጥም» አለች። «ሳሎን እንሰቅለዋለን።»

ግራምና አማቱ ተያዩ። የሳህኑ መያዣ ሥር፣ ለማየት ለሚፈልግ ዓይን፣ ከሌላው ብረት የነጣች የአዝራር ያህል ክብ ምልክት አለች። ግራም ያያት አሁን ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ነበረች።

«ሳሎን ምን ያደርጋል» አሉ ባልቴቷ ከወንበራቸው። «እዚሁ አጠገቤ አኑሩልኝ። ለዓሦቹ ምግብ ልመዝንበት።»

ግራም ሚዛኑን ከሚስቱ እጅ ተቀበለና ኩሬው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ባዶ ሳህኖቹ ትንሽ ተወዛውዘው እኩል ቆሙ። ጎንበስ ብሎ ልካቸውን አየ፤ ከዚያ ወደ አማቱ ቀና አለ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚመዝኑት?» አላቸው።